ያለ ዐዋጅ መምራት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን እያለ ከሚሴ ይገባል። ሰንበቴ ስሟና የገበያዋ ቀን የገጠሙላት ከተማ ናት፤ ትልቁ ገበያዋ የሚቆመው እሑድ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞው ከብቱን፣ አርጎባው ሸማውን፣ አማራው እህሉን ይዞ ይወርዳል። በሌላው አገር ደግሞ «ሰንበቴ» ሲባል የሚታወሰን ገበያ አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም እንጀራና ጠላ እየቀረበ የሚበላበትና የሚጠጣበት የምእመናን ማኅበር ነው። አንድ ቃል ሆኖ በአንዱ አገር ገበያ፣ በሌላው የቤተ ክርስቲያን ማዕድ ማለት ሆነ ማለት ነው።

ይህን የምናነሳው ለቃል ጨዋታ ብለን አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ከዚሁ ልዩነት ስለሚወለድ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ እሑድ የገበያ ቀን በሆነበት፣ ከአሥር ሰው ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ሙስሊም በሆነበት፣ የጎረቤት ቋንቋ ኦሮምኛ በሆነበት በከሚሴና በአካባቢዋ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ሰብስቦ የሚመራው በምን ኃይል ነው? ደመወዝ የለውም። ክህነት የለውም፤ ቢኖረውም ድቁና ነው። ቀበሌው አያውቀውም። ወላጆች ልጃቸውን ቢከለክሉበት ምንም ማድረግ አይችልም። ታዲያ ማን ይከተለዋል? ለምንስ ይከተለዋል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይሄ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ የታሪክ ተማሪን ምን አገባው?» ይሉናል። እኛ ግን አይመስለንም። ባለፉት ሰባ ዓመታት በአገራችን ወጣቱ በገዛ ፈቃዱ ተሰብስቦ፣ ሰብሳቢውን መርጦ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ መዋጮ አዋጥቶ የኖረባቸውን ቦታዎች እንቁጠር ብንል ከተማሪ ማኅበራትና ከእግር ኳስ ቡድኖች ቀጥሎ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያን ወጣት ማኅበር ነው። እንዲያውም የተማሪ ማኅበራት ተዘግተው በነበሩባቸው ዓመታት እሱ አልተዘጋም። ስለዚህ የዚህ ማኅበር ታሪክ የመምራት ታሪክ ነው፤ የመምራት ታሪክ ደግሞ የሁላችንም ነው።

ወሎ ስለ ሃይማኖትና ስለ መሪነት የሚያስተምረን የመጀመሪያ ትምህርት መራራ ነው። በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ ብዙ በማትርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በጉባኤው ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ይደረግ የነበረው የረጅም ዘመን ክርክር በዚያ ተቆረጠ፤ ከዚያም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ዐዋጅ ወጣ። ለሹማምንቱ አጭር፣ ለሕዝቡ ረዘም ያለ ጊዜ ተሰጠ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከተጠመቀው ሕዝብ ግን ብዙው «ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ማታ እስላም» እየተባለ የሚነገርለት ሆነ። ጥምቀቱ ከአንገት በላይ ነበራ! አሻፈረኝ ያለውም ሸሸ፣ ተዋጋም። ከነዚህ አንዱ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሼህ ጠልሃ ሰይፍ ብቻ አላነሡም፤ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ መንዙማ ጻፉ። ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ ሕዝቡ በሚያዜመው ዜማ እምነቱን አስጠበቁት። ዐዋጁ የመንግሥት ኃይል ነበረው፤ መንዙማው ግን ድቤና ጭብጨባ ብቻ ነበረው። ዛሬ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የትኛው እንደዘለቀ ለማወቅ በከሚሴ ገበያ አንድ ቀን መዋል ይበቃል። ይኸንን ስንል አንዱን እምነት ከሌላው ለማበላለጥ አይደለም። በዚህ አገር በዐዋጅ የመጣ ነገር ሥር እንደማይሰድ፣ በዜማና በፈቃድ የመጣ ነገር ግን እንደሚቆይ ለማሳየት ነው። በወሎ የክርስቲያን ወጣቶችን እመራለሁ የሚል ሁሉ ቢያውቀውም ባያውቀውም በዚህ ታሪክ ጥላ ሥር ይቆማል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ወጣት ማኅበሩ እንምጣ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለወጣት የተመደበ ቦታ አልነበረም ማለት ስሕተት ይሆናል። ነበረ፤ ግን ጠባብ ነበረ። ወንድ ልጅ ከሆነና ለክህነት ከታሰበ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ የቆሎ ተማሪ ይሆናል። ከዚያም ዲያቆን፣ ካህን፣ ወይም ደብተራ ይሆናል። (በዚሁ በወሎ የሙስሊሙ ደረሳም ኑሮው ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ እሱም ከቤቱ ርቆ፣ እየለመነ የሚቀራ ነው።) ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባልቴቷ ደግሞ ማኅበርና ሰንበቴ አላቸው፤ በየወሩ ጽዋ ይዘዋወራሉ። ለክህነት ያልታሰበው ወጣትስ? ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባውስ? ከሁሉም በላይ ሴቷ ልጅስ? እነዚህ ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የሚናገሩበት፣ የሚጠይቁበት፣ የሚያዜሙበት ቦታ አልነበራቸውም። ዜማው በግዕዝ ነው፤ ትርጓሜው በሊቃውንቱ እጅ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ የተነሣው ከሩቅ አገር ነው። በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ ሮበርት ሬይክስ የሚባል የጋዜጣ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1780 ስድስት ቀን ሙሉ በሥራ የሚውሉትን የድሆች ልጆች በዕረፍት ቀናቸው በእሑድ ሰብስቦ ንባብ ማስተማር ያዘ። ለምን እሑድ? ልጆቹ ሌላ ቀን ስላልነበራቸው ነው። ሐሳቡ ተዛምቶ ግብፅ ደረሰ። በዚያም ሐቢብ ጊርጊስ የሚባሉ ምእመን መምህር ለቅብጥ ልጆች የሰንበት ትምህርት አደራጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ዓ.ም. ሥራው በማዕከላዊ ኮሚቴ መመራት ጀመረ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህራንና ከመጽሔቱ አዘጋጆች አንዱ የነበረው ናዚር ጋይድ የተባለው ወጣት በኋላ መነኮሰ፤ ከዚያም የትምህርት ጳጳስ፣ በመጨረሻም በ1964 ዓ.ም. የእስክንድርያ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ሆነ። እንግዲህ ከሁለት ትውልድ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ልጆችን መዝሙር ያስጠና የነበረ ወጣት በማርቆስ መንበር ተቀመጠ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም፤ ወጣቱን የያዘ የነገዋን ቤተ ክርስቲያን እንደሚይዝ ማስረጃ ነው።

በእኛም አገር የቅብጡና የሕንዱ ኦርቶዶክስ ምሳሌ ሳይታይ አልቀረም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «ሃይማኖተ አበው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር» ተቋቋመ። በሥራውም ከሕንድ የመጡ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ በተለይም በኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ የተባሉት ፖል ቨርጊዝ ረድተዋል። የወቅቱን ሁኔታ ልብ እንበል። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከእስክንድርያ ጳጳስ መለመን ያቆመችበት ጊዜ ነው። በዚያው ዘመን ዘመናዊ ተማሪው «እኔስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምንድን ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። መልሱን ከላይ አልጠበቀም፤ ራሱ ማኅበር መሠረተ።

ይህን ነጥብ አጥብቀን እንያዘው፦ ማኅበሩ ቀደመ፣ ሕጉ ተከተለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ የሆነው «ቃለ ዓዋዲ» የወጣው በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፓትርያርክነት ነው። በዚህ ሕግ የአንድ አጥቢያ አስተዳደር በካህናት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተወካዮቻቸው የሚቀመጡበት ጉባኤ ሆነ። የሃያ ዓመት ልጅ ከአለቃውና ከሽማግሌው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። በጊዜው በነበረው የፊውዳል ሥርዓት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በመሬት ጉዳይ፣ በወረዳ አስተዳደር፣ በፍርድ ቤት ወጣቱ እንዲህ ያለ ወንበር የት ነበረው?

ከኦርቶዶክሱ ውጭ ያለውንም ታሪክ መዝለል አይገባም። በ1950ዎቹ በናዝሬት በሜኖናይት ሚሲዮን ትምህርት ቤት አካባቢ «ሰማያዊ ብርሃን» የተባለ የተማሪዎች ስብስብ ተፈጠረ፤ በኋላም ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ወጣቶች የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ሽማግሌም ሚሲዮናዊም አልመራቸውም፤ እርስ በርሳቸው ተመራሩ። ለመንግሥት ያቀረቡት የመመዝገብ ጥያቄ ውድቅ ተደረገ፤ በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለአምልኮ በተሰበሰቡበት ከ200 በላይ ሰዎች ታሰሩ። አንድ ወጣት መሪ ለተከታዮቹ የሚሰጠው ሹመት ሳይሆን እስር ሲሆን፣ ያኔ መሪነቱ ይፈተናል። ወጣቶቹ አልተበተኑም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን ሲባል ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን ርስት አጣች። ካህኑ ደሀ ሆነ። ስድሳ ሺህ ገደማ የሚሆን ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) ተመሠረተ፤ ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የወጣቱ ስብሰባ፣ ሰልፉና የልማት ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጠራው እሑድ ጠዋት ነበር። እነሆ፣ እሑድ እንደገና የክርክር ቀን ሆነች! በግሎስተር ክርክሩ ከፋብሪካ ጋር ነበር፤ በሰንበቴ ከገበያ ጋር ነው፤ በደርግ ዘመን ከቀበሌ ጋር ሆነ።

ሁለቱን ማኅበራት እናወዳድር። አኢወማ ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተም፣ በጀት፣ መሪዎቹን የሚያሠለጥን መንግሥት ነበረው። ያልመጣ ስሙ ይጻፋል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ከበሮ፣ ጥቂት በእጅ የተገለበጡ የመዝሙር ደብተሮችና ከቤተልሔሙ አጠገብ የተሠራች ቆርቆሮ ቤት ነው። ያልመጣ ይጠየቃል፤ «ታመምክ ወይ?» ተብሎ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አኢወማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ግን በሚቀጥለው እሑድ እንደ ልማዱ ተሰበሰበ። እንዲያውም በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የሰንበት ትምህርት ቤቶች በየአጥቢያው ተስፋፍተው ነበር።

በወንጌላውያኑም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በመንግሥት ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃው ሲወሰድ ምእመናኑ በየቤቱ አምስትም ሰባትም እየሆኑ መገናኘት ጀመሩ፤ ለየአንዳንዱ ቡድን መሪ ያስፈልግ ስለነበር ወጣቱም ሴቷም መሪ ሆኑ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲከፈት ቁጥራቸው ከ30,000 አልፎ ተገኘ። ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድ ትልቅ መሪ ቢታሰር ሁሉም ይበተናል፤ መቶ ትንንሽ መሪዎች ግን ታስረው አያልቁም። መሪነት ሲከፋፈል ይበዛል እንጂ አያንስም።

የኦርቶዶክሱ ተማሪ በበኩሉ በዝዋይ መንገድ አገኘ። አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ባቋቋሙት የካህናት ማሠልጠኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲያርፉ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ሲያግዝ፣ እነዚሁ ወጣቶች በጦር ሰፈሩ ውስጥ ማታ ማታ ለጸሎት ይሰበሰቡ ጀመር። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ከዚህ ሥር ነው፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምናውቀው ግቢ ጉባኤም ከዚያ ይቀዳል። ልብ እንበል፤ ተማሪውን ወደ ብላቴ ያመጣው ዐዋጅ ነው፤ ለጸሎት ያሰባሰበው ግን ዐዋጅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። «ቃለ ዓዋዲም እኮ ዐዋጅ ነው፤ ወጣቱ በጉባኤ ወንበር ያገኘው በሕግ ነው እንጂ በመዝሙር አይደለም» ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ሕግ ባይኖር ኖሮ ሽማግሌው ወጣቱን «ዝም በል» ብሎ በየጊዜው ሊያስወጣው ይችል ነበር። ነገር ግን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ሕጉ ወንበሩን ሰጠ፤ በወንበሩ የሚቀመጠውን ሰው ግን አልፈጠረም። ያንን የፈጠረው ከሕጉ በፊትም ከሕጉ በኋላም ቅዳሜ ከሰዓት መዝሙር ሲያስጠና፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሲያስተምር የኖረው የወጣቱ የራሱ ሥራ ነው። ተወካይ የሌለው አጥቢያ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል፤ ሕጉም አይሞላውም።

የዚህን ሥራ ውስጡን ያላዩ አንባብያን ይኖራሉና በአጭሩ እንግለጸው። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ከዚያ የትምህርት ክፍል፣ የመዝሙር ክፍል፣ የኪነ ጥበብ ክፍል፣ የበጎ አድራጎት ክፍልና የመሳሰሉት አሉ። አባላቱ ከሕፃን እስከ ጎልማሳ በዕድሜ ይከፈላሉ። ትልቁ ለትንሹ ያስተምራል፤ ትንሹ ነገ ትልቅ ይሆናል። ገንዘቡ ከወርኃዊ መዋጮና በበዓላት ከሚሸጡ ጥቃቅን ነገሮች ይመጣል። በፋሲካ ለነዳያን ምግብ ይዘጋጃል፤ ለታመመ አባል ይጠየቃል፤ ለሞተበት ይለቀሳል። የግቢውን ሣር የሚያጭደው፣ በጥምቀት ዋዜማ ምንጣፉን የሚያነጥፈው፣ በሰልፍ ሕዝቡን የሚያስተናብረው ያው ወጣት ነው። ሴቷ ልጅም ነጭ ለብሳ፣ ከበሮ አንግታ፣ በአማርኛ መዝሙር በሕዝብ ፊት ድምፅዋን ያሰማችው በዚህ ነው። ለዘመናት ድምፅዋ እልልታ ብቻ ለነበረ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ጸሐፊና ሰብሳቢ ሆነው የሠሩም ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ከሚሴ እንመለስ። በትልቅ ከተማ ያለ የሰንበት ትምህርት ቤት መሪ ጭንቁ የአባላት ብዛት ነው። የከሚሴው ጭንቅ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ከተማዋ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ከክርስቲያኑ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህር፣ ነጋዴ ነው። ዝውውር ሲመጣ መዝሙር አስጠኚውም ይሄዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ የመሪ ዋና ሥራ ተተኪ ማዘጋጀት ነው፤ ሁሉን በጭንቅላቱ ይዞ የሚሄድ መሪ የሄደ ዕለት ማኅበሩን ይዞት ይሄዳል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። አካባቢው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነው፤ ልጆች በትምህርት ቤት በኦሮምኛ ይማራሉ። በአማርኛ የሚዘመረው መዝሙር በአንድ ወቅት ለግዕዝ ባዕድ የነበረውን ወጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ያቀረበ ነው። የዚያን ጊዜ ወጣት «በማውቀው ቋንቋ» ብሎ ከጠየቀና ካገኘ፣ የዛሬው ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ ያንኑ ቢጠይቅ ምን ብለን እንከለክለዋለን? ሼህ ጠልሃ ይህን ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት ያወቁት ነገር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1899 በኦነሲሞስ ነሲብ ድካም ነው። ስለዚህ «ቋንቋው አልደረሰም» የሚለው ምክንያት አይሠራም።

አራተኛውና ዋናው ጎረቤት ነው። በወሎ ቀብር የሚያወጣው ቅሬው ነው፤ በቅሬው ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ጠብ ሲነሣ የሚያስታርቁ አባጋሮች አሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የአያት ስም ከአንዱ እምነት፣ የልጅ ስም ከሌላው መሆኑ ለወሎዬ ተረት አይደለም። እንግዲህ የክርስቲያን ወጣቶች መሪ የሚመራቸው ልጆች በግቢው ውስጥ ብቻ አይኖሩም። የሙስሊም ጎረቤት ልጅ ጋር ተምረው፣ አብረው ኳስ ተጫውተው፣ በኢድ ተጠርተው በልተው ነው ወደ መዝሙር የሚመጡት። መሪው በመድረክ ላይ የሚናገራት አንዲት ክፉ ቃል ይህን ሁሉ ልታበላሽ ትችላለች፤ መልካሟም ልታጸናው ትችላለች።

ይህ የወረቀት ላይ ነገር እንዳይመስለን ያለፉትን ዓመታት ማስታወስ ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አዳረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬ ከጥይት ይፈጥናል፤ በስልክ የሚላክ አንድ ሐሰት መንደር ያነድዳል። ታዲያ በአንድ ከተማ ውስጥ ሠላሳና አርባ ወጣቶች በየሳምንቱ ቃሉን የሚሰሙት ሰው ማን ነው? ፖሊስ አይደለም፤ አስተዳዳሪ አይደለም። ያ ደመወዝ የሌለው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። በመስጊዱም በኩል የእሱ አምሳያ የሆነ ወጣት አለ። ሁለቱ ቢተዋወቁና ቢደዋወሉ፣ «ይህ ወሬ እውነት ነው ወይ?» ተባብለው ቢጣሩ ስንት ነገር ይድናል! ባይተዋወቁስ? ምኑ ቅጡ!

ነገሩን በውዳሴ ብቻ ብንዘጋው ግን ታሪክ አልጻፍንም። በወጣት ማኅበራቱም ውስጥ ትናንሽ ዐዋጅ አውጪዎች ሞልተዋል። ወንበር ይዞ ዓመት ከዓመት የማይለቅ ሰብሳቢ አለ። «እገሌ ሱሪዋ፣ እገሌ ፀጉሩ» እያለ ልጆችን የሚያባርር አለ፤ ያባረራቸው ልጆች ወዴት እንደሄዱ ግን አይጠይቅም። ከካህናቱ ጋር በሥልጣን የሚናቆር፣ ሌላውን ማኅበር እንደ ጠላት የሚያይ፣ የጎረቤትን እምነት በማጥላላት ጭብጨባ የሚሸምት አለ። እነዚህ ሁሉ የረሱት አንድ ነገር ነው፦ ኃይላቸው ከምን እንደሆነ። የአኢወማ ሊቀ መንበር ቢያስፈራራ ከኋላው መንግሥት ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ቢያስፈራራ ከኋላው ማን አለ? ልጆቹ በሚቀጥለው እሑድ ሳይመጡ ይቀራሉ፤ አለቀ። በፈቃድ የሚመራ ሰው ሲያዝ ሳይሆን ሲያገለግል ብቻ ነው መሪ የሚሆነው። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ግን ማንም አይጥሰውም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ መልስ ይኖረናል ማለት ነው። በከሚሴ ያ ወጣት የሚመራው በምን ኃይል ነው? ቀድሞ በመምጣትና ዘግይቶ በመሄድ ነው። የታመመውን በመጠየቅ ነው። የሚያውቀውን በማስተማር፣ የማያውቀውን ካህኑን በመጠየቅ ነው። ሕፃኑ በሚገባው ቋንቋ በመዘመር ነው። ጎረቤቱን በማክበር ነው። በቦሩ ሜዳ የታወጀው ኃይል ያላገኘውን እነዚህ ያገኛሉ፤ ዐዋጅ የሰውን ስም ሊለውጥ ይችላል፣ ልቡን ግን የሚያገኘው አብሮት የዋለ ሰው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከእኛ መካከል ክረምት ሲመጣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ሰንበቴ፣ ወደ ሐርቡ የሚገባ ብዙ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው በአገሩ ይከበራል፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም በመድረሳም «እስቲ ንገረን» ይባላል። የተማረ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው መናገር መውደዱ ነው። እኛ ግን ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሌላ ነው። ስንገባ የዓመቱን ሥራ የሠራችውን ልጅ ፈልገን እናግኛት፤ መዝገቡን ማን እንደጻፈው፣ ከበሮውን ማን እንዳደሰው፣ በችግሩ ጊዜ ከሙስሊሙ ሰፈር ጋር ማን እንደተነጋገረ እንጠይቅ። ስማቸውን በደብተራችን እንመዝግብ፤ የሠሩትን በቀኑና በዓመቱ እንጻፍ። የራስ ሚካኤል ታሪክ ተጽፎልናል፤ የእነሱ ግን ገና አልተጻፈም። እሱን መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው፤ ወረቀቱም እስክርቢቶውም በእጃችን አለ።